ባዮሎጂ ላይ የተምታታባችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ፣ ዛሬ ማታ ነፃ ነኝ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር ዲፊውዥንና ኦስሞሲስ ሁሌ ይምታቱብኛል
መልስ፦ ዲፊውዥን ማንኛውም ነገር ከበዛበት ወዳነሰበት ሲሰራጭ ነው፣ የሻይ ከረጢት በቆመ ውሃ ውስጥ ስትከቺው ቀለሙ ቀስ እያለ እንደሚሄደው። ኦስሞሲስ ግን የውሃ ብቻ ነው፣ ውሃው በሜምብሬን (በሴሉ ስስ ሽፋን) አልፎ ጨው ወይ ስኳር ወደበዛበት ይሄዳል። ቲማቲም ከትፈሽ ጨው ነስንሺበትና አስር ደቂቃ ተይው፣ ሳህኑ ላይ ውሃ ታያለሽ፣ ማንም አልጨመረበትም እኮ ከሴሎቹ የወጣ ነው። ቋንጣ በጨው ሲታሽም ያው ነው፣ ባክቴሪያው ራሱ ውሃውን ይነጠቃል።

ጥያቄ፦ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም እውነት ነው?
መልስ፦ አዎ። ኒውክለስ ማለት የሴሉ ማዘዣ ማዕከል ነው፣ መቅኔ ውስጥ ሲሰራ ነበረው፣ ደም ውስጥ ሳይገባ በፊት ያወጣዋል፣ ኦክስጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ቦታ ይለቃል ማለት ነው። ራሱን መጠገን ስለማይችል ግን 120 ቀን ገደማ ነው የሚቆየው።

ጥያቄ፦ ክሮሞዞም የበዛው ነው የበለጠ ያደገው?
መልስ፦ አይደለም። ክሮሞዞም ማለት ሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘው ክር ነው፣ ሰው 46፣ የኛ አረቢካ ቡና 44፣ ድንች 48።

ጥያቄ፦ ሶስት ሴት ወለድኩ፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች ጥፋቱ ያንቺ ነው ይሉኛል
መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ነገር ሴት መውለድ ጥፋት አይደለም፣ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ባዮሎጂውን ካልሽ ደሞ የእናት እንቁላል ሁሌም ኤክስ የሚባለውን ክሮሞዞም ነው የሚይዘው፣ ስፐርም ግን ግማሹ ኤክስ ግማሹ ዋይ ይይዛል፣ ዋይ የያዘው ከገባ ወንድ ነው ኤክስ ከሆነ ሴት፣ ስለዚ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ነው፣ እሱም ቢሆን መርጦ አይልክም ስለዚ እሱንም እንዳትወቅሱት። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ኔቲ ስቲቨንስ የምትባል አሜሪካዊት በ1905 እኤአ የጥንዚዛ ስፐርም በማይክሮስኮፕ አይታ ግማሹ ትልቅ (ኤክስ) ግማሹ ትንሽ (ዋይ) ክሮሞዞም እንደያዘ አሳይታለች። አራተኛው የግድ ወንድ ነው የሚሉሽንም አትስሚ፣ በየእርግዝናው ዕድሉ ወደ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ያለፈው አይቆጠርም። ይሄን ያረዘምኩት በዚ ምክንያት ትዳራቸው የሚረበሽ እናቶች ስላሉ ነው፣ መልሱን ለባለቤትሽ አሳዪው።

ጥያቄ፦ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ብወስድስ?
መልስ፦ አይሰራም ወንድሜ። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ የሴል ግድግዳውን እንዳይገነባ ነው የሚከለክለው፣ ጉንፋን ደሞ ቫይረስ ነው፣ ቫይረስ ግድግዳ ቀርቶ ሴልም የለውም።