ሌላ ስቴት ለሠሩ፦ የታክስ ጥያቄና መልስ

የታክስ ወቅት ሲመጣ ስልኬ ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ። «ቤቴ እዚህ ነው፣ የሠራሁት ግን ሌላ ስቴት ነው፤ የማን ነዋሪ ነኝ?» የአሜሪካ ስቴቶች የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። ቤትህ የት ነው? ሥራውንስ የት ሆነህ ሠራኸው? ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ወይ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ወይ ቆይቶ ደብዳቤ ይመጣበታል። የምተዳደረው ታክስ በመሥራት ስለሆነ፣ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ትራቭል ነርስ ነኝ፤ በአጭር ኮንትራት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወርኩ እሠራለሁ። ካሊፎርኒያ 13 ሳምንት ሠራሁ፤ ኮንትራቱ ታድሶ ሌላ 13 ሳምንት ቆየሁ። የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሆንኩ?

መልስ፦ አልሆንሽም እህቴ። ቤትሽን ሳትለቂ ለተወሰነ ኮንትራት ሄደሽ ከተመለስሽ፣ ነዋሪነትሽ ሜሪላንድ ነው። ካሊፎርኒያ ነዋሪ ነሽ ብላ የምትገምተው በታክስ ዓመቱ ከዘጠኝ ወር በላይ ከቆየሽ ነው። እዚያ የሠራሽበትን ደመወዝ ግን ታክስ ታደርጋለች። ስለዚህ ሁለት ሪተርን፣ ማለትም ገቢሽን የምታሳውቂበት የታክስ ቅጽ፣ ይኖርሻል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። መጀመሪያ የካሊፎርኒያው፣ ነዋሪ ላልሆነ ሰው የሚሞላው 540ኤንአር ይሠራል። ቀጥሎ የሜሪላንዱ፣ የዓመቱ ገቢሽ በሙሉ ገብቶበት። ለካሊፎርኒያ የከፈልሽው ከሜሪላንዱ ታክስ ላይ ይቀነስልሻል፤ ክሬዲት የሚባለው ይህ ነው። የካሊፎርኒያው ታክስ ከሜሪላንዱ ከበለጠ ግን ትርፉን የሚመልስልሽ የለም።

አንድ ነገር እንዳያልፍሽ። ሜሪላንድ ከስቴቱ ታክስ ሌላ የካውንቲ ታክስ አላት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2025 ያስከፍል የነበረው 3.2 በመቶ ነው። ድሮ ክሬዲቱ ካውንቲውን አይነካም ነበር። በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዋይን ጉዳይ ይህ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ስለፈረደ፣ አሁን ከካውንቲውም ላይ ይታሰባል። ታክስ የሚሠራልሽ ሰው ይህን መስመር ባዶ ከተወው ጠይቂው።

ለቤት ኪራይ የሚሰጡሽ ስታይፐንድ ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ከታክስ ነፃ የሚሆነው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እውነተኛ ቤት ካለሽና ወጪውን እየከፈልሽ ከሆነ ነው። አንድ ቦታ ከዓመት በላይ ትሠሪያለሽ ተብሎ ከታሰበ ነፃነቱ ይቀራል።

ጥያቄ፦ 183 ቀን ካልሞላ ምንም አልከፍልም አይደል?

መልስ፦ ይቺ ወሬ ስንቱን ጉድ ሠራች! 183 ቀን ብዙ ስቴቶች ነዋሪነትን የሚለኩበት ነው። እዚያ ሠርተህ ያገኘኸው ገንዘብ ሌላ ሒሳብ ነው። ኢሊኖይ ነዋሪ ያልሆነን ተቀጣሪ የምትነካው ከ30 የሥራ ቀን በላይ ሲሠራ ነው። ኒውዮርክ ግን አንድ ቀን ብትሠራም የሠራኸው የእኔ ነው ትላለች።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ሜሪላንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ደብሊው ቱዬ (አሠሪዬ በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠኝ የደመወዝና የታክስ ወረቀት) ላይ የተቆረጠው የሜሪላንድ ታክስ ነው።

መልስ፦ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ስምምነት አላቸው። ደመወዝህን ታክስ የሚያደርገው የምትኖርበት ነው። ለአሠሪህ የሜሪላንድ ታክስ እንዳይቆረጥ የሚጠየቅበትን ቅጽ፣ ኤምደብሊው507፣ ሞልተህ ስጥ፤ ከዚያ ወዲያ የሜሪላንድ አይቆረጥብህም። ያለፈውን ነዋሪ ላልሆነ ሰው በሚሞላው የሜሪላንድ ቅጽ 505 አስመልስ። ሪፈንዱ እስኪመጣ ብለህ ግን የቨርጂኒያውን እንዳታዘገይ፤ እሷ ሙሉውን በቀኑ ትፈልጋለች።

ጥያቄ፦ እኔም ቨርጂኒያ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ጸጉር ቤት ወንበር ተከራይቼ የራሴን ደንበኛ እሠራለሁ።

መልስ፦ ስምምነቱ ለደመወዝተኛ ብቻ ነው። ያንቺ የግል ሥራ ስለሆነ የሜሪላንድም የቨርጂኒያም ሪተርን ይኖርሻል፤ ለሜሪላንድ የከፈልሽው ከቨርጂኒያው ላይ በክሬዲት ይቀነስልሻል።

ጥያቄ፦ ካምፓኒ ተቀጥሬ ትራክ እነዳለሁ። ሚስቴና ልጆቼ ቨርጂኒያ ናቸው። መንጃ ፈቃዴን ዳላስ ባለው አጎቴ አድራሻ ባዛውር ከስቴት ታክስ እገላገላለሁ ይላሉ።

መልስ፦ የሚሉህ ሰዎች ቅጣቱን አብረውህ አይከፍሉም። ከመልካሙ ልጀምር። በፌዴራል ሕግ መሠረት ከአንድ በላይ ስቴት የሚነዳን ሹፌር ደመወዝ ታክስ የሚያደርገው የሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው። ሎድ ይዘህ ያቋረጥካቸው ሁሉ አይነኩህም።

የምትኖርበት የትኛው ነው ሲባል ግን መንጃ ፈቃድ አንድ ማስረጃ ብቻ ነው። ቋሚ መኖሪያ አንድ ነው፤ አዲስ እስክትመሠርት ድረስ የድሮው አይለቅህም። ሲጣራ የሚታየው ኑሮህ ነው። ልጆችህ የት ይማራሉ? ሊዙ በማን ስም ነው? የቤት መኪናህ የተመዘገበው የት ነው? እረፍት ስታገኝ የምትገባው ወዴት ነው? ያንተ መልስ ሁሉ ቨርጂኒያ ነው። ቴክሳስ የደመወዝ ታክስ የላትም፤ እውነት ነው። ቤተሰብህን ይዘህ ከገባህ ያንተም ነው። በአጎት ፖስታ ሳጥን ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከቤቴ ከዳላስ ሆኜ ለኒውዮርክ ካምፓኒ እሠራለሁ። በወር አንዴ ማንሃተን ቢሮ እገባለሁ። ለምን ኒውዮርክ ሙሉ ደመወዜን ታክስ ታደርጋለች?

መልስ፦ የተመደብክበት ቢሮ ኒውዮርክ ከሆነ፣ ለራስህ ምቾት ብለህ ከቤት የሠራህበትን ቀን እዚያ እንደሠራህ ትቆጥረዋለች። ነዋሪ አላደረገችህም፤ ገንዘቡን ብቻ ነው የያዘችው። ቴክሳስ የደመወዝ ታክስ ስለሌላት ክሬዲት የሚሰጥህም የለም። በእኔ አስተያየት ፍትሐዊ አይደለም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። የተመደብክበት ቢሮ ቴክሳስ ይደረግልኝ ብለህ አሠሪህን አናግር።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ በሐምሌ ከቨርጂኒያ ወደ ሲያትል ልጄ ጋ ጠቅልዬ ገባሁ። ሥራም እዚያ ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ እንኳን ደህና ገቡ እናቴ። ለቨርጂኒያ የዓመቱ ከፊል ነዋሪ ሆነው፣ እስከወጡበት ቀን ያለውን ብቻ ያስገባሉ። ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ስቴት ከደመወዝ የገቢ ታክስ አትቆርጥም። የቨርጂኒያውን የቤት ኪራይ ያቋረጡበትን ወረቀት ግን አይጣሉት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሦስት ወር ቆይቼ በላፕቶፕ የቨርጂኒያ ሥራዬን ስሠራ ነበር። የሦስቱ ወር ይቀነስልኛል?

መልስ፦ አይቀነስም። ቤትህ ቨርጂኒያ ነው፤ ሙሉውን ታስገባለህ።