ስናድሩ በግድግዳ ላይና በተኩስ ሜዳ

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። በቅርቡ ከጥንታዊ ዕቃዎች ጨረታ አንድ ስናድር ጠመንጃ የገዛሁ ሲሆን፣ ሻጩ ምንም ዓይነት ፈቃድ አልጠየቀኝም። ስለ ስናድር ከአያቴ እየሰማሁ ስላደግሁ አንድ ቀን ልተኩስበት እመኛለሁ። ፈቃድ ሳላወጣ ብተኩስ ሕጉ ይከለክለኛል?

መልስ፦ አዎን፣ ይከለክልዎታል፤ ሻጩ ግን አላጠፋም። የ1968ቱ የብሪታንያ የጦር መሣሪያ ሕግ አንቀጽ 58 ጥንታዊ መሣሪያን ለብርቅነቱ ወይም ለጌጥ የሚይዝን ሰው ፈቃድ ከማውጣት ነፃ ያደርገዋል። «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን በሕግ ሳይተረጎም ቆይቶ፣ ከማርች 22 ቀን 2021 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ መሣሪያው ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 በፊት የተሠራ፣ እንዲሁም ወይ ደንቡ ከዘረዘራቸው የቀድሞ የአተኳኮስ ስልቶች በአንዱ (ለምሳሌ በአፈሙዙ በመጉረስ) የሚሠራ ወይም ደንቡ ከአገልግሎት ወጥተዋል ብሎ ከዘረዘራቸው ጥይቶች አንዱን የሚጎርስ እንዲሆን ደንግጓል።

ልብ ይበሉ፣ ነፃነቱ የተሰጠው ለጠመንጃው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ለያዙበት ዓላማም ጭምር ነው። ለመተኮስ ባሰቡ ጊዜ ያው ስናድር እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ይቆጠራል። ስለዚህም ከጎኑ የተሞላ ጥይት ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ ለጌጥ ነው የያዝሁት የሚለውን ቃልዎን ያፈርሰዋል፣ ጥይቱ ራሱም ያለ ፈቃድ አይያዝም።

ምኞትዎን እረዳለሁ። ስናድር ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የተተኮሰው በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ባዘመተው ጦር እጅ ስለሆነ፣ ለእኛ ተራ አሮጌ ብረት አይደለም። የኋላ መዝጊያውን ወደ ቀኝ ገልብጦ ጥይቱን ማጉረስ፣ ከተኩሱ በኋላ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስቦ ጠመንጃውን በማዘንበል ቀለሁን ማራገፍ፣ ድኝ ድኝ የሚሸተው ነጭ ጢስ እስኪገፈፍ መጠበቅ፣ እነዚህን በገዛ እጅ ማየት ከመጽሐፍ አይገኝም።

መንገዱም ዝግ አይደለም። በመንግሥት የታወቀ የተኩስ ክበብ አባል ይሁኑ፤ አባልነቱ ለፖሊስ የሚያቀርቡት በቂ ምክንያት ይሆናል። ከዚያ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ይጠይቁ። ጥቁር ባሩድ ፈንጂ ስለሆነ ለእርሱም ከዚያው ከፖሊስ የፈንጂ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከ150 ዓመት በላይ የኖረ ብረት በውስጡ ምን እንደ በላው ከውጭ ስለማይታይ፣ በባለሙያ ጠመንጃ ሠሪ ሳያስመረምሩ ፈጽሞ አይተኩሱ። ፈቃዶቹ እጅዎ እስኪገቡ ድረስ ስናድሩ ከግድግዳው አይውረድ፤ ጥይትም ሆነ ባሩድ ወደ ቤትዎ አያስገቡ።