የከረጢቱን ጀርባ ሳታነቢ ሳር እንዳትገዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት፣ ሦስት ልጆች፣ አንድ ውሻ፣ ግማሹ ግቢ ፀሐይ፣ ግማሹ የዛፍ ጥላ። «ለምለም ሆኖ የልጆቹን ሩጫ የሚችል ሳር የቱ ነው? ኪኩዩ ትከይ ያሉኝም አሉ» ብለሻል። ቁርጥ የእኔን ግቢ ነው የገለጽሽው። ስለ ማዳበሪያና ስለ ውሃ አልነግርሽም፣ እሱን ሁሉም ይነግርሻል።

1. የሳሩን ስም ሳታውቂ ገንዘብ አታውጪ። «ልዩ ቅይጥ» የሚባል ነገር ስም አይደለም። እኔን የሸጠልኝ ሰውዬ ስሙን ስጠይቀው «ሳር ሳር ነው፣ ስሙ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ዘሩ ሳምንት ሳይሞላው ብቅ አለ። ግቢው አረንጓዴ ሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ አጥሩ ላይ ቆሞ አደነቀ። ዋናው ሙቀት ሲመጣ ግን ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ገለባ። ውሃ ጨመርኩለት፣ ጭራሽ ሻገተ። ሰውዬው ጋ ሄድኩ። «ውሃ አላጠጣኸውም» አለኝ። ሌላ ቀን ስመለስ «ውሃ አብዝተህበት ነው» አለኝ። ያው ሰውዬ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ! ብስጭቴ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ቤት ገብቼ ከረጢቱን አገላበጥኩት። የዋጋ ወረቀቱን ልክ ጽሑፉ ላይ ለጥፎታል። ስልጠው ራይግራስና ብሉግራስ ይላል። ሁለቱም የቀዝቃዛ አገር ሳሮች ናቸው፣ የሚመቻቸው ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የሞቃት አገር ሳር ደግሞ ደህና አድርጎ የሚያድገው ከ27 እስከ 35 ባለው ነው። ራይግራስ ቶሎ ስለሚበቅል ለሻጭ ይመቻል። አንቺ ስታለቅሺ እሱ ገንዘቡን ከተቀበለ ቆይቷል።

2. ለፀሐዩ በኩል ሰርዶ። አትሳቂ! ገበሬ እየረገመ የሚነቅለው ሰርዶ፣ ቤርሙዳ የሚባለው ማለቴ ነው። የተሻሻሉት ዝርያዎቹ የኳስ ሜዳ ላይ የሚነጠፉ ናቸው። ከመሬት በላይም በታችም እየተሳበ ስለሚሄድ ልጆች ቢቦጫጭቁት መልሶ ይገጥማል። የውሻ ሽንት ያቃጠለው ቦታም ቶሎ ይሸፈናል። ሽንቱ ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ነው የሚያቃጥለው፣ ወዲያው ውሃ ከደፋሽበት ይተርፋል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ቲፍዌይ 419 የሚባለው ዝነኛ ዝርያ ዘር አይሰጥም። በቁርጥራጭ ወይም እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። «ዘሩ አለኝ» የሚልሽ ካለ ጥለሽው ሂጂ።

ሰርዶ ጥላ አይወድም። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ጥላው የት የት እንደሚዞር እያየሽ ምልክት አድርጊ። እኔ ድንጋይ እየደረደርኩ ስዞር ባለቤቴ ጤንነቴን ተጠራጥራ ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣ ግቢውን የምታስጎበኘው እሷ ናት።

3. ጥላው ላይ፣ ማለትም ከፊል ጥላው ላይ፣ እኔ ሴንት ኦገስቲን የሚባለውን ሳር ነው ያደረግኩት። ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፣ ጥላን ከሰርዶ በተሻለ ይችላል። ነገር ግን ከላይ ብቻ ስለሚሳብ ብዙ እግር ሲረግጠው ይጎዳል። ዞይዥያም ጥሩ ነው፣ ጥቅጥቅ ይላል፣ አረም ይከለክላል። ግን ቀርፋፋ ነው፣ በትንሽ በትንሹ ተተክሎ ግቢ እስኪሞላ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የእኔ ልጆች ሁለት ዓመት አይጠብቁም፣ ያንቺም አይመስሉኝም። ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ግን የአበባ መደብሽን ይውጠዋል። እኔ አልመክርሽም።

ዛፉ ግንድ ሥር ግን ሳር የሚባል ነገር አትሞክሪ። ጥላውም ሥሩም አያስተርፉትም። እኔ የእንጨት ፍቅፋቂ አፍስሼ ዥዋዥዌ ሰቀልኩበት። ልጆቹ ውለው የሚያመሹት እዚያ ነው፣ ሳሩም ዕረፍት አገኘ።

ሁለቱን ሳሮች ጎን ለጎን ካደረግሽ መሃላቸው ጡብ ቅበሪ፣ ያለዚያ ሰርዶው ከሥር ሾልኮ ይገባል። አትክልተኛ የምታሠሪ ከሆነም ቀድመሽ አስጠንቅቂው። ሰርዶ ከ2.5 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይታጨዳል፣ ሴንት ኦገስቲን ግን ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር መቅረት አለበት። የእኔው አትክልተኛ «እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» እያለ ሁለቱንም በአንድ ቁመት ላጨልኝ። ጥላው በኩል ያለው እስኪያገግም ስንት ተጨነቅኩ። የማሽኑን ቁመት ራስሽ አስተካክለሽ ስጪው።