ቦርሳው፣ ሰናፍጩና የተዘጋው በር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ ፍቅር፣ ስለ ብቸኝነትና ስለታመመ ትዳር የተሠሩ የውጭ ፊልሞችን ይመለከታሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«‹ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ› የሚባለውን የሆንግ ኮንግ ፊልም ሁለት ጊዜ አይቼው ግራ ገባኝ። ሴትየዋ ባሏን ‹ውሽማ አለችህ?› ብላ ታፋጥጠዋለች፤ እሱም ያምናል። ባሏ ግን ጃፓን ነው ተብሎ የለም እንዴ? መቼ መጣ? ደግሞስ ስንት ጊዜ እንዳለፈ በምን ይታወቃል?» ከሐዋሳ

ባሏ አልመጣም። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የሚበላው ጎረቤቷ ነው።

የዎንግ ካር-ዋይ ፊልም (2000) የሚጀምረው በ1962 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው። ሁለት ባልና ሚስቶች በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ባሉ ቤቶች ክፍል ተከራይተው ይገባሉ። ወይዘሮ ቻን (ማጊ ቹንግ) እና አቶ ቻው (ቶኒ ሊዩንግ) ምግብ ቤት ተቀምጠው እሱ ስለ ቦርሳዋ ይጠይቃል፣ እሷ ስለ ክራባቱ። ሚስቱ ልክ እንደዚያ ያለ ቦርሳ አላት፤ ባሏም ልክ እንደዚያ ያለ ክራባት አለው። ሁለት ዕቃ ተነሥቶ ባሏና ሚስቱ መወዳጀታቸው ይታወቃል፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ አይቀርብም።

ብዙ ተመልካች የሚስተው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። «እነሱ እንዴት ጀመሩት? ቀድሞ የተናገረው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለሚያንገበግባቸው ሁለቱ ተበዳዮች ነገሩን ራሳቸው ይለማመዱታል። እሱ የባሏን ቦታ ይይዛል፣ እሷ የሚስቱን። ምግብ ሲያዙም አንዱ ለሌላው የሚያዘው የገዛ ትዳር ጓደኛው የሚወደውን ነው። ሳህኗ ላይ የሚያደርግላት ሰናፍጭ ለአፏ ባዕድ የሆነው ለዚህ ነው፤ የምትቀምሰው የሌላ ሴት ምርጫ ነው። የባሏና የሚስቱ ፊት በፊልሙ ውስጥ በግልጽ አይታይም፤ ማጅራትና ድምፅ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እርስዎ የጠየቁት ትዕይንት ከሰውየው ማጅራት ሲጀምር «ባሏ ነው» ብለው መገመትዎ ትክክል ነው፤ ዳይሬክተሩ እስከዚያ ድረስ ያስለመደዎት ይህንኑ ነው። ሰውየው ሲያምን እሷ ጉንጩን ነካ ብቻ ታደርገዋለች። እሱም እንዲህ አይደለም፣ ካመነልሽ ጠበቅ አድርገሽ ነው የምትመቺው ብሎ ያርማታል። ሲደግሙት ግን እንባዋ ይቀድማል። በኋላ ደግሞ መለያየትን ይለማመዳሉ፤ ያኛው ልምምድ ከእውነቱ ጋር ተቀላቅሎ የሚያልቅ ነው።

ጊዜን በቀሚሷ ይቁጠሩ። አንገቱ የቆመውና ገላዋ ላይ የተሰፋው የቻይና ቀሚሷ በየቀኑ ይለወጣል። ኮሪደሩ ያው ነው፣ መብራቱም ያው ነው፣ ንግግሩ ሳይቋረጥ የቀጠለ ይመስላል፤ ቀሚሱ ከተለወጠ ግን ቀን አልፏል። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ልብሱን ያዘጋጀውም ፊልሙን የቆረጠውም አንድ ሰው፣ ዊልያም ቻንግ፣ ነው። በሦስተኛው እይታዎ ታሪኩን ተዉትና ወረቀት ይዘው የቀሚሶቹን ቀለም ብቻ ይመዝግቡ።

ሙዚቃው ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ወደ ምግብ ሻጩ የሚወርደውን ደረጃ ስትወርድ የሚሰማው የቫዮሊን ዋልስ ሺገሩ ኡሜባያሺ ለሌላ የ1991 የጃፓን ፊልም የጻፈው ነው። እየደጋገመ ይመጣል፣ አያድግም፣ አይለወጥም። ትዝታ ሲዘፈን ያደገ ጆሮ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ዜማው ያው ሆኖ ሰሚው ላይ የሚከብደው የተጨመረው ቀን ነው።

«የኔ የ‹ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ› ኮፒ 94 ደቂቃ ነው፤ ፊልሙ ግን 98 ደቂቃ ነው ይላሉ። ምን ተቆርጦብኝ ነው? ለብቻ ያወረድኩት ሰብታይትልም መጀመሪያ ላይ ይገጥምና እየዘገየ ይሄዳል።» ከአዳማ

ምንም አልተቆረጠብዎትም። ሁለቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው። ሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ የድሮው የአውሮፓ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ግን 25። ፊልሙ ወደ ዲቪዲ ሲገባ እንዲገጥም ተብሎ በጥቂቱ ይፈጥናል፤ የሲኒማው 1 ደቂቃ 57.6 ሴኮንድ ይሆናል። 98 ደቂቃ በዚህ ስሌት 94 ደቂቃ ይመጣል። ድምፁም በትንሹ ይቀጥናል።

ለ98 ደቂቃው የተሠራ ሰብታይትል በእርስዎ ኮፒ ላይ በየደቂቃው ከ2 ሴኮንድ በላይ ይዘገያል፤ መጨረሻው ላይ ልዩነቱ 4 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ማዘግየትና ማፍጠን ይህን አያስተካክልም፤ እሱ ሁሉንም መስመር እኩል ነው የሚገፋው። እዚህ ጋ ቢገጥም እዚያ ይፋለሳል። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍተው የፍሬም ፍጥነቱን ከ24 ወደ 25 ይለውጡት፤ ከዚያም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንግግር አይተው ያረጋግጡ።

ቴሌቪዥንዎ አዲስ ከሆነ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ያጥፉ፤ «ፊልም ሜከር ሞድ» ካለው እሱን ይምረጡ። ቴሌቪዥኑ በሁለት ፍሬሞች መካከል የራሱን ፍሬም ፈጥሮ ስለሚያስገባ የፊልሙ ዝግታ ጠፍቶ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ድራማ ይመስላል። በግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ ቢታይም ምስሉን አይለጥጡት፣ አያሳድጉት። ቀጥሎ የምናነሣው የፋስቢንደር ፊልም ምስሉ ጎኖቹ ለእኩልነት የተቃረቡ አራት ማዕዘን ነው፤ ስክሪኑን እንዲሞላ ካሳደጉት ከላይና ከታች ይቆረጣል፣ ሰዎቹን የከበባቸው የበር መቃንም አብሮ ይሄዳል።

«ሙኒክ ነው የምንኖረው። ለማኅበራችን የፊልም ምሽት ‹ፍርሃት ነፍስን ይበላል›ን በአማርኛ ሰብታይትል ልናሳይ ነው። ጀርመንኛው ርእስ የተሳሳተ ሰዋስው ነው አሉን፤ እንዴት እንተርጉመው? አንዳንዶቻችን ደግሞ ሁለተኛው አጋማሽ አልገባንም፤ ሰው ሁሉ ከታረቃቸው በኋላ ለምን ይጣላሉ?»

የራይነር ቬርነር ፋስቢንደር ፊልም (1974) እናንተው ከተማ ነው የሚካሄደው። ኤሚ (ብሪጊተ ሚራ) በጽዳት ሥራ የምትተዳደር፣ ዕድሜዋ ወደ 60 የተጠጋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዝናብ ሸሽታ በገባችበት ቡና ቤት ከእሷ በብዙ የሚያንስ የሞሮኮ ሠራተኛ (ኤል ሄዲ ቤን ሳሌም) ታገኛለች። አሊ ይሉታል፤ እውነተኛው ስሙ ረጅም ነው፣ የሚጠራው ግን የለም። ስማቸው ለሥራ ቦታ ሲባል ያጠረባቸው አንባቢዎች ይህችን ትንሽ ነገር ሳይነግሯቸው ያያሉ።

ርእሱ አሊ የሚናገረው ጀርመንኛ ነው፤ ግሱ አልተረባም። ስለዚህ «ፍርሃት ነፍስን ይበላል» ፍቺው ትክክል ቢሆንም የሚናገረውን ሰው ያጠፋዋል። ቅርቡ «ፍርሃት ነፍስ መብላት» ነው። በፊልሙ ሙሉ ደግሞ አንድ ሕግ ያዙ፦ አሊ ጀርመንኛ ሲናገር ግሱን ብቻ ሳታረቡ ተዉት፣ ቃላቱን ግን አታበላሹ። ቃላቱንም ካበላሻችሁ አዳራሹ ይስቅበታል፤ ፊልሙ አንድም ጊዜ አልሳቀበትም። ዐረብኛ ሲናገር ሙሉና ያማረ አማርኛ ስጡት። ተመልካቹ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ሲሰማ የሰውየው ብቸኝነት ይገባዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ ያ አጋማሽ ለእኛ የፊልሙ ዋና ክፍል ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ጠላቱ ውጭ ነው። ባለ ሱቁ አላስተናግድም ይላል፣ ጎረቤቶች ያንሾካሹካሉ፣ ልጇ ቴሌቪዥኗን በእግሩ መትቶ ይሰብረዋል። ባልና ሚስቱ ከዕረፍት ሲመለሱ ሰዉ ሁሉ ተለውጧል፤ ግን ምክንያቱን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ባለ ሱቁ ደንበኛ ፈልጎ ነው። ጎረቤቷ የኤሚን ምድር ቤት ለዕቃ ማስቀመጫ ፈልጋ ነው። ልጇም ሕፃን የሚጠብቅለት ሰው ፈልጎ ነው። ዕርቅ የለም፤ ጉዳይ ነው ያለው። ኤሚ ግን ተቀባይነት ስለናፈቃት ወደ እነሱ ትጠጋለች፦ የሥራ ባልደረቦቿ የባሏን ጡንቻ እየዳበሱ ሲያደንቁ ትፈቅዳለች፣ ኩስኩስ ሥሪልኝ ሲላት የጀርመን ምግብ ልመድ ትለዋለች። እሱም ኩስኩሱን ፍለጋ ወደ ቡና ቤቷ ሴት ይሄዳል። ከውጭ ሲገፏቸው ተደጋግፈው ቆመው ነበር፤ ግፊቱ ሲነሣ በመካከላቸው ያለው ታየ።

በማሳያው ምሽት አንድ ጥንድ ትዕይንት አስቀድማችሁ ጠቁሙ። መጀመሪያ ላይ የጽዳት ሠራተኞቹ ደረጃው ላይ ምሳ ሲበሉ ኤሚን ለብቻዋ ይተዋታል። ኋላ በዚያው ደረጃ፣ ካሜራው በተመሳሳይ ቦታ ቆሞ፣ አዲስ የመጣችውን የዩጎዝላቪያ ሴት ያገልላሉ፤ በዚህኛው ጊዜ ኤሚ ከአግላዮቹ ጋር ናት። ፋስቢንደር ስለዚህ ምንም አያስረዳም። ፊልሙ በ15 ቀን ገደማ ተቀርጾ ያለቀ ነው፤ የበር መቃኖቹ፣ የደረጃ አጥሮቹና ዝም ብለው የሚያፈጡት ፊቶች ግን አንዱም በዘፈቀደ አልተቀመጠም።

«እኛም ሰብታይትል እየሠራን ነው። ‹አንቺ› እና ‹እርስዎ› ላይ ተጣላን።» ከአዲስ አበባ፣ የፊልም ክበብ

ጸቡ ተገቢ ነው። እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ስለሚጠቀልል ከእንግሊዝኛ ሰብታይትል የሚተረጉም ሰው ውሳኔውን ራሱ መወሰን አለበት። «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ»ን እንውሰድ፦ ሁለቱ እስከ መጨረሻው «አቶ ቻው»፣ «ወይዘሮ ቻን» ነው የሚባባሉት። ስለዚህ «እርስዎ» ይሁን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ልምምዱ ላይ ግን ባሏን ነው የምታናግረው፤ እዚያ «አንተ» ትበል። የሐዋሳዋን አንባቢ ያደናገረው ትዕይንት በአማርኛ ከማንም ቋንቋ የበለጠ ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል፦ «ውሽማ አለችህ?» ብላ ጀምራ ልምምዱ ሲቋረጥ ወደ «እርስዎ» ከተመለሰች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሌላው ችግር ግሳችን መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር በሁለት ሰብታይትል ሲከፈል ዋናው ወሬ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ ተዋናይዋ ግን ቀድማ አልቅሳለች። በሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ስበሩት። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ አጭሩ ቢያንስ 1 ሴኮንድ ይቆይ፣ ረጅሙ ከ7 አይለፍ። ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ ኢንኮዲንግ አስቀምጡ፤ አለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ሣጥን ሣጥን ከታየ ግን ጥፋቱ የፎንቱ ነው፤ ማጫወቻው ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም ሌላ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ምረጡ።

«የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የአንቶኒዮኒ ‹ግርዶሽ› መጨረሻው ላይ ተዋናዮቹ ይጠፋሉ። ኮፒው ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። የ1962 ፊልም ነው፤ ሞኒካ ቪቲና አሌን ደሎን ማታ በተለመደው ቦታ ሊገናኙ ተቀጣጥረው ይለያያሉ። ካሜራው በሮም ኢዩር ሰፈር ወዳለው ቀጠሮ ቦታ ይሄዳል፤ እነሱ አይመጡም። 7 ደቂቃ ያህል የምናየው ውሃና ቁራጭ እንጨት ያለበት በርሜል፣ ያላለቀ ሕንፃ፣ አውቶቡስ፣ ስለ አቶሚክ ጦር መሣሪያ የሚያወራ ጋዜጣ፣ በመጨረሻም የመንገድ መብራት ነው። ወደ ኋላ ተመልሰው ቀደም ሲል የተገናኙበትን ትዕይንት ይዩ፤ እንጨቷን በርሜሉ ውስጥ የጣለችው ቪቲ ናት። ዕቃዎቹ ቀጠሮውን አክብረዋል።

«ልንጋባ ወራት ነው የቀሩን። የስዊድናዊውን ዳይሬክተር የበርግማንን ‹የትዳር ትዕይንቶች› ከእጮኛዬ ጋር ልየው ወይስ ይቅርብኝ? ሁለት ዓይነት ርዝመት አለው አሉኝ፤ የትኛው ይሻላል?»

ይዩት፤ የቴሌቪዥኑን ግን ይምረጡ። በ1973 ለስዊድን ቴሌቪዥን የተሠራው ስድስት ክፍል ያለውና ወደ 5 ሰዓት የሚጠጋው ነው፤ ለሲኒማ ተቆርጦ የወጣው ከ3 ሰዓት በታች ነው። አጭሩ ውስጥ ጸቦቹ ይበዛሉ፣ በጸቦቹ መካከል ያለው ተራ ቀን ይሳሳል፤ ትዳሩ የሚሞተው ደግሞ በተራው ቀን ነው። በአንድ ምሽት አንድ ክፍል ብቻ፣ ልትተኙ ስትሉ ሳይሆን ከእራት በፊት።

ሁለተኛውን ክፍል አይዝለሉት። ርእሱ ነገርን ምንጣፍ ሥር ጠርጎ ስለመደበቅ ነው። ማሪያን (ሊቭ ኡልማን) የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ናት፤ ቢሮዋ አንዲት ትልቅ ሴት መጥታ መፋታት እፈልጋለሁ ትላለች። ባሏ አልበደላትም፣ አልጠጣም፣ አልመታም። ፍቅር ግን ኖሮ አያውቅም፤ አሁንም ዕቃ ስትነካ እንኳ ስሜቱ እየደረቀባት መጥቷል። እዚያ ላይ ሴትየዋን ሳይሆን የጠበቃዋን ፊት ይመልከቱ።

ሦስተኛው ላይ ባሏ ዩሃን (ኤርላንድ ዮሴፍሶን) ሌላ ሴት ወድጃለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ይላታል፤ እሷም ሻንጣውን ታዘጋጅለታለች። ከሄደ በኋላ ስልክ ደውላ ጓደኞቻቸው ቀድመው ያውቁ እንደነበር ትረዳለች። ለተጫጩ ሰዎች መነጋገሪያ የሚሆነው ይህ ነው። አምስተኛው ክፍል ግን ድብደባ አለበት፤ በረጅሙና ሳይሸፋፈን ነው የሚታየው። ከሁለታችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ካለፈበት አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ስድስቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር አሳልፋችሁ «ሳራባንድ»ን (2003) እዩ። በ30 ዓመቱ እነዚያው ሁለት ተዋናዮች ዩሃንና ማሪያን ሆነው፣ አርጅተው፣ ተመልሰዋል።