መልስ፦ ለእናቴ ጊንኮ ላስመጣ ወይ?

ወንድሜ፣ እናትህ መርሳት ስላበዙ ከአሜሪካ ጊንኮ፣ ማለትም ለማስታወስ ይረዳል የሚባለውን ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ እንክብል፣ ላስመጣላቸው ወይ ብለሃል። እኔ ብሆን ብሬን አላወጣም። እዚያው አሜሪካ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ውጤቱ በ2008 ታተመ። ግማሽ ያህሉ በቀን ሁለቴ 120 ሚሊግራም ለዓመታት ወሰዱ፤ የመርሳት በሽታን ግን አልከለከለላቸውም። እንደ ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ ደግሞ መድማት ሊያመጣ ይችላል። «ተፈጥሯዊ ነው» ሲሉህ አትሸወድ፤ ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው!

የእግር ጉዞ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2011 በወጣ ጥናት በሳምንት ሦስት ቀን ለ40 ደቂቃ የተራመዱ አረጋውያን፣ ከዓመት በኋላ ለማስታወስ ወሳኝ የሆነው የአንጎል ክፍል 2 በመቶ ገደማ ጨመረላቸው። ሰውነታቸውን በማፍታታት ብቻ የተወሰኑት ላይ ቀነሰ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግር ደርሶ መመለስም ይቆጠራል፣ ፈጠን ካሉ። ጉልበታቸውን ካመማቸው በትንሹ ይጀምሩ።

ከሁሉም በፊት ግን ሐኪም ጋ ውሰዳቸው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግርም ያስረሳሉ፤ ሁለቱም ይታከማሉ። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ በተለይ ቢ12ን አስመርምር።