አረንጓዴ እንደሆነ የሚጠወልግ ቲማቲም

ከዘንዘልማ በታች፣ ጣና ዳር አንድ ቃዳ ቲማቲም የተከለ ወንድማችን ጠይቆኛል። ቲማቲሙ ፍሬ መያዝ ጀምሯል። ቀትር ላይ አንዳንዱ ተክል ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል፤ ሦስት አራት ቀን እንዲህ ካለ በኋላ ግን ጨርሶ አይነሳም። ቅጠሉ ቢጫ አይሆንም፣ ጠባሳም የለውም። መጀመሪያ ስድስት ተክል ነበር፣ አሁን ከስልሳ በላይ ሆኗል፤ ቦዩን ተከትሎም ወደ ታች እየወረደ ነው። ሦስት ጊዜ ጸረ-ፈንገስ ረጭቷል፣ ዩሪያ ደርቧል፣ በዶማ አፈር አስታቅፏል። "አሁን ደግሞ ምን ልርጭ?" ይላል።

ምንም አትርጭ።

ወንድሜ፣ "ቅጠሉ አረንጓዴ ነው" እና "ቦዩን ተከትሎ" ያልካቸው ሁለት ነገሮች በቂዬ ናቸው። ይሄ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው፤ ራልስቶኒያ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው። የውሃ ጥም ቢሆን መደቡ በሙሉ አንድ ላይ ይጠወልግ ነበር። ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ቢሆን ከታች ያሉት ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ይሆናሉ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጎን ብቻ። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ካለ ደግሞ ኔማቶድ የሚባለው የሥር ትል ገብቷል ማለት ነው። እሱ ኖረ ማለት ግን አጠውልግ የለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ትሉ ሥሩን እየበሳ ለባክቴሪያው በር ይከፍትለታል።

ግምቴን በዓይንህ አረጋግጥ። ትናንት ወይም ዛሬ የጠወለገ፣ ገና ያልደረቀ ተክል ምረጥ። ግንዱን ከአፈሩ ትንሽ ከፍ አድርገህ ቁረጥና ጣት የምታህል ቁራጭ ውሰድ። ጥርት ያለ ውሃ በብርጭቆ ሙላ። ቁራጩን በክር አስረህ የታችኛው ጫፉ ብቻ ውሃው ውስጥ እንዲገባ አንጠልጥለው። ብርጭቆውን አትነካካ፣ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ አድርግለት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ቀጭን የወተት ክር የሚመስል ነገር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ይደፈርሳል። ያ ክር ባክቴሪያው ራሱ ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር። ክሩ ከወረደ ክርክር የለም።

አሁን ስለረጨኸው ልናገር፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ያናድደኛል። ማንኮዜብ ለፈንገስ ነው። ሪዶሚልም ለፈንገስ መሳዮቹ ነው። ባክቴሪያውን አይነኩትም፣ ቢነኩት እንኳ እሱ ያለው ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ግንዱ ውስጥ ነው። መዳብ ያለበት መድኃኒት ቅጠል ላይ ለሚወጣ የባክቴሪያ ነጠብጣብ ትንሽ ይረዳል፣ ለዚህኛው ግን አይሠራም። ይሄ በሽታ አንዴ ተክሉ ውስጥ ከገባ የሚያድን መድኃኒት የለም። ሱቁ ግን "ጠንከር ያለውን ውሰድ" እያለ ሦስቴ ሸጠልህ። የሰው ቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጠው ሥር ላይ የሚያፈሱም አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት፤ ተክሉን አያድንም፣ ባክቴሪያዎች እንዲለምዱት አድርጎ የሰውን መድኃኒት ግን ያበላሻል።

ዘሩስ? ጣሳው ላይ "ሮማ ቪኤፍ" ስለሚል አይታመምም ተብለህ እንደገዛህ ጽፈሃል። "ቪ" ቬርቲሲሊየምን፣ "ኤፍ" ፉዛሪየምን ይችላል ማለት ነው። ሁለቱም ፈንገሶች ናቸው። ስለ ባክቴሪያ አንድም ፊደል አልተጻፈም። ከጣሳ ወጥቶ በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠው ዘር ደግሞ ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም።

አንድ ነገር ረዘም አድርጌ ላስረዳህ፣ ይሄን ካወቅህ ሌላው ሁሉ በራሱ ይገባሃል። ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ሲኖር ጥቂት ነው። ጭራ አለው፣ ይዋኛል፤ ከሥር የሚወጣውን ጣፋጭ ነገር አሽትቶ ይጠጋል። የሚገባው በቁስል ነው፤ ዶማ በቆረጠው፣ ትል በበሳው፣ ወይም አዲስ ሥር ሲበቅል በሚሰነጠቀው ቦታ። ከዚያ ውሃ ወደ ላይ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይደርሳል። ግን ወዲያው አያጠቃም። ደቦ ታውቅ የለ? ሰው ሳይሞላ አጨዳ አይጀመርም። እነሱም እንደዚያው ናቸው። እያንዳንዱ ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ኬሚካል ወደ ውጭ ይለቃል። ጥቂት ሲሆኑ ኬሚካሉ ይበተናል፣ እነሱም ድምፃቸውን አጥፍተው መብላትና መባዛት ብቻ ነው ሥራቸው። በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን አካባቢ ሲደርሱ ግን ኬሚካሉ ይጠራቀማል፤ ያኔ "ሞልተናል" የሚል መልእክት ይሆንላቸዋል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠባያቸውን ይለውጣሉ። መዋኘቱን ይቀንሱና እንደ ተልባ የሚያዝለገልግ ነገር ማምረት ይጀምራሉ። ቧንቧው የሚደፈነው በዚህ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከቅጠሉ ብዙ ውሃ ትስባለች፣ በተደፈነው ቧንቧ የሚያልፈው ግን አይበቃም፣ ስለዚህ ይጠወልጋል። ማታ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ ይነሳል። ሙሉ በሙሉ ሲደፈን አይነሳም። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረውም ቢጫ ለመሆን ጊዜ ስላላገኘ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥውልግ ያየህ ቀን ደቦው ተሰብስቦ ሥራ ጀምሯል፤ ጎኑ ያለው ጤነኛ የሚመስል ተክል ውስጥ ደግሞ ገና እየተሰበሰበ ሊሆን ይችላል።

ተክሉ ዝም ብሎ አይሞትም። ሥሩ ባዕድ ነገር የሚለይበት መንገድ አለው። ብዙ ባክቴሪያ በጭራው ይታወቃል፤ ይሄኛው ግን የጭራው ቅርጽ ተቀይሮ ብዙ ተክል አያውቀውም። በዚያ ላይ እንደ መርፌ ባለ ነገር የራሱን ፕሮቲን ተክሉ ሕዋስ ውስጥ ወግቶ ማስጠንቀቂያውን ያፍናል። የሚቋቋሙ ዝርያዎች የቧንቧቸውን ግድግዳ በእንጨትነት ያጠነክራሉ፤ ባክቴሪያው ሥር ውስጥ ይቀራል፣ ወደ ግንዱ መውጣትና ከቧንቧ ወደ ቧንቧ መሻገር ያቅተዋል። ሃዋይ 7996 የሚባለው ቲማቲም በዚህ የታወቀ ነው። ለመብል ሳይሆን ለሥር ነው የሚፈለገው፤ የምትወደውን ቲማቲም ቆርጠህ እሱ ላይ ወይም በሽታውን በሚችል የደበርጃን ሥር ላይ ትቀጥላለህ። ይሄም ቢሆን አፈሩ በጣም ሲሞቅ ወይም የሥር ትል ሲበዛ ይሸነፋል። ባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ለባክቴሪያው ሠርጉ ነው።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ ውሃውን አቁም። በታመመው መደብ ያለፈ ውሃ ወደ ታች እንዳይወርድ ቦዩን በአፈር ዝጋ፣ ጤነኛውን ክፍል በሌላ ቦይ አጠጣ። የታመመውን ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅለህ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ክተት፤ ግራና ቀኙ ያሉትን ሁለት ሁለት ጤነኛ መሳዮችም አትማራቸው። በመስኩ ላይ አትጎትት። ከቦዩና ከሐይቁ ርቀህ አድርቀህ አቃጥል ወይም በጥልቀት ቅበር። ኮምፖስት ውስጥ አይገባም። መሸንቲ አካባቢ አንድ ገበሬ ነቅሎ ቦይ ውስጥ ሲጥል አይቻለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤቱ ቃሪያ መጠውለግ ጀመረ።

ዶማውን ተወው። አፈር ስታስታቅፍ ነው ሥሩን ቆራርጠህ በር የከፈትክለት። ዩሪያም ይብቃ። ሁልጊዜ ጤነኛውን ክፍል አስቀድመህ ሥራ፣ የታመመውን መጨረሻ። ስትወጣ ጫማህንና ዕቃህን ጭቃው እስኪለቅ እጠብ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አድርገህ ንከር። ጭቃው ካልታጠበ በረኪናው ጭቃው ላይ ያልቃል፣ ባክቴሪያው ይተርፋል።

እዚህ ላይ አደራ። በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አትቀላቅል። ዩሪያ የበጠበጥክበትን ባልዲ ሳታጥብ በረኪና እንዳትጨምርበት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከኮምጣጤም፣ ከመድኃኒትም አይገናኝ። ጓንት አድርግ፣ ደጅ ላይ ሥራ። ስም በሌለው ሃይላንድ የሚሸጠውን ርካሽ በረኪና አትግዛ፤ ምን ያህል ውሃ እንደገባበት አይታወቅም፣ ደግሞ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

የተረፈው ፍሬ ይበላል፣ ባክቴሪያው ሰው አይነካም። የረጨኸው መድኃኒት ግን ሰው ይነካል፤ መለያው ላይ ያለው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ ለቅመህ ገበያ እንዳታወጣ።

እዚያ መሬት ላይ ቢያንስ ሦስት ዓመት ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ደበርጃን አይተከል። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ይሆናል። ውሃ የሚተኛበት ከሆነ እንደ ፎገራ ሰዎች ሩዝ ዝራበት፤ ውሃ ሳይለቀው የከረመ አፈር ለዚህ ባክቴሪያ አይመቸውም። በራሱ የሚበቅል ቲማቲም፣ አውጥ፣ እምቧይና አስተናግር ከዳር ዳሩ ንቀል፤ ባክቴሪያው እነሱ ላይ ይከርማል። ችግኝ ሥሩ ተበጣጥሶ በጆንያ ከሚመጣ፣ የዚህ ቤተሰብ አትክልት በልቶት በማያውቅ አፈር ራስህ አፍላ። መደቡን ከፍ አድርገህ ሥራ።

የብርጭቆውን ነገር ነገ ጠዋት ሞክረውና ክሩ ወርዶ እንደሆነ ጻፍልኝ። ካልወረደ ሥሩን ሰንጥቀህ ውስጡን በስልክህ አንስተህ ላክልኝ፣ እንደገና እናየዋለን። ባልዲውን ግን ዛሬውኑ እጠበው።