የአያታችሁን የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ

ልጆች፣ አንድ ሌሊት ተራው ይደርሳችኋል። ድንኳን ተተክሏል፣ ትልልቆቹ ለቀስተኛ ይቀበላሉ፣ አንዱ አጎት ይመጣና «አንተ የተማርክ ነህ፣ የሕይወት ታሪኳን ጻፍ» ይላችኋል። ነገ ቀብር ላይ ይነበባል።

የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ደግ እናት ነበሩ። ስሙን ቀይራችሁ ለጎረቤቷ ብታነቡትም ያስኬዳል። እኔ በጥብቅና ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ምስክር «ደግ ሰው ናቸው» ሲል ዳኛው «ምን አይተህ?» ይለዋል። እናንተም ያያችሁትን ጻፉ።

አያቴ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የኖረች ካቶሊክ ነበረች። ጸሎተኛ ነበረች ብዬ ባልፍ ምንም አልነገርኳችሁም። ማታ ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ» ብላ ትጀምራለች፤ መሃል ላይ «ኧረ ሽሮው ገነፈለ!» ብላ ትጮህና ካቆመችበት ፍሬ ትቀጥላለች። ከፍሬዎቹ አንዱ ጠፍቶ በቦታው የሸሚዝ ቁልፍ አስገብታ ነበር። ቁልፉ ላይ ስትደርስ የምትጸልየው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ በእድር ገንዘብ ተጣልተው ለማትነጋገራት ጎረቤቷ። እርቁ ሳይወርድ ጸሎቱ ዓመታት ቆየ። ስለ አያቴ ሃይማኖት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ዕድሜ ላይ ቤተሰብ ሁሌ ይጣላል። የእኛ አክስት «ከመቶ አልፋለች» አለች፤ የቀበሌ መታወቂያዋ ሰማንያ ምናምን ይላል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ለአያቶቻችሁ የልደት ወረቀት አትፈልጉ። ክስተት ጠይቁ። አያቴ «ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ጥርሴ ይወላልቅ ነበር» ትል ነበር። የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የወተት ጥርስ መውለቅ የሚጀምረው በስድስትና በሰባት ዓመት ግድም ስለሆነ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ካቶሊክ ከሆነች ደግሞ ሌላ በር አለ፤ የደብሩ የጥምቀት መዝገብ። የወላጆች ስም፣ የክርስትና እናት ወይም አባት፣ ኋላም ጋብቻዋ በኅዳጉ ላይ ይጻፋል። የአያቴ መዝገብ «በ1920 ዓ.ም. ተወለደች» ይላል፤ አክስቴ እስካሁን አልተቀበለችም። እኔን የገረመኝ ግን የአባቷ አገር ነው፦ ትግራይ ውስጥ ዓሊቴና፣ ኢሮብ። አልጋዋ ራስጌ የተሰቀለው የአቡነ ያዕቆብ ሥዕል ያን ጊዜ ገባኝ። አቡነ ያዕቆብ በ1832 ዓ.ም. ወደ ትግራይ የገቡት፣ ኋላ ቅዱስ የተባሉት ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ናቸው፤ ኢሮብ ውስጥም አስተምረዋል። እኛ ልጅ ሆነን ዘመድ ይመስሉን ነበር።

ጠያቂ መሆን ያለባችሁ ዛሬ ነው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ከአያቴ ጋር ቡና የጠጡት ሴቶች በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ስልካቸውን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የእድሩ ጸሐፊ ነው፣ ከእሱ ጀምሩ። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ወረቀትና እስክሪብቶም ቶሎ አታውጡ፣ አሮጊት ቀበሌ የመጣባት ይመስላታል።

ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ሰው በፀሐይ ቆሞ ነው የሚሰማችሁ፣ ካህኑም ሰዓታቸውን ያያሉ።